ለአራተኛው ሰው የሚገባ ፍትሕ

በኢሉባቦር ምድር «ደረጃ» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። ከመቱም ሆነ ከጎሬ፣ ከያዮም ሆነ ከበደሌ የሚወጣው ቡና ለገበያ ሲቀርብ ናሙናው ይወሰዳል፤ የፍሬው ጉድለት ይቈጠራል፤ ጣዕሙም ይቀመሳል፤ ከዚያም ደረጃ ይሰጠዋል። ቡናው ግን ዝቅተኛ ደረጃ ስለ ተሰጠው አያዝንም። ሰውን በተራ ቍጥር ስንደረድር ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንግዲህ ሰውን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ መደርደር ፍትሐዊ የሚሆነው መቼ እንደ ሆነ ከውድ አንባብያን ጋር ጥቂት ልንመረምር ወደድን።

ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን ከተከታተልነው እንጀምር። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት ቶላ የፓሪስን ኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ይህ ሰው ግን በመጀመሪያው ምርጫ ተጠባባቂ ነበር። አንድ አገር በማራቶን ከሦስት በላይ ማሰለፍ አይችልምና፣ ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ቀድመውት ተመርጠው ነበር። ሲሳይ በጉዳት ምክንያት ሲወጣ ታምራት ተተካ፤ ወርቁንም አመጣ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን የሆነውና በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ዳገት የሚበዛበትን የኒውዮርክ ማራቶን ያሸነፈው እርሱ ነበር።

«እንግዲያው ምርጫው ፍትሕ የጐደለው ነበር» ለማለት እንቸኵል ይሆናል። ነገር ግን ሌሎቹን ዓመታትም እናስታውስ። በ2008 ዓ.ም. ለሪዮ ኦሊምፒክ ቀነኒሳ በማራቶን ሳይመረጥ ቀረ፤ መስከረም 15 ቀን 2009 ዓ.ም. የበርሊንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ አሸነፈ። ከተመረጡት አንዱ ፈይሳ ሌሊሳ ደግሞ በሪዮ ብር አገኘ። በ2013 ዓ.ም. ለቶኪዮ ኦሊምፒክ በሰበታ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተካሄደ። በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ ሁሉም እኩል ተነሥተው መሮጣቸው ከሁሉ የተሻለ ፍትሕ ይመስላል። ሆኖም ማራቶኑ በተካሄደበት በሳፖሮ ከሦስቱ ወንዶች አትሌቶቻችን አንዱም ውድድሩን አልጨረሰም።

ከዚህ የምንማረው የምርጫን ፍትሐዊነት በውጤቱ ልንፈርድ እንደማንችል ነው። ፍትሐዊ ምርጫ ሊሸነፍ፣ አድልዎ ያለበትም ሊያሸንፍ ይችላል። መለኪያዎቹም እያንዳንዳቸው ጉድለት አላቸው። ሰዓት አያዳላም፤ ነገር ግን በሜዳማ መንገድ የተገኘ ሰዓት ዳገት በሚበዛበት መንገድ ከተገኘው ጋር እኩል አይደለም። ማጣሪያ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን በዚያች ቀን የታመመውን አያውቀውም። የአሰልጣኝ ፍርድ ብዙ ነገር ያያል፤ ነገር ግን ለአድልዎ በር ይከፍታል።

ታዲያ ፍትሕ የት አለ? ቅዱስ ቶማስ አኳይናስ የጋራ የሆነውን ስለማከፋፈል ፍትሕ ሲያስተምር፣ የዚህ ፍትሕ ተቃራኒ ለሰው ፊት ማድላት መሆኑን ያስረዳል። አንድን ሰው ስለ ዕውቀቱ መምህር አድርገን ብንሾመው ምክንያታችን ከሥራው ጋር ይስማማል፤ ስለ ሀብቱ ወይም ስለ ዝምድናው ብንሾመው ግን አድልተናል። ይህን ወደ ጉዳያችን ስናመጣው፣ ፍትሕ ያለው ከሁሉ በፊት በምክንያቱ ውስጥ ነው። መለኪያው አስቀድሞ ሊነገር፣ ከሥራው ጋር ሊስማማና ሳይለወጥ ለሁሉም ሊሠራ ይገባዋል። ፈተናውም ይህ ነው፤ የቀረንበትን ምክንያት ለአራተኛው ሰው ፊት ለፊት፣ ሳናፍር ልንነግረው እንችላለን? ካልቻልን ሦስቱ ሜዳልያ ቢያመጡ እንኳ በድለነዋል።

እኛም ራሳችን ከዚህ በደል ነጻ አይደለንም። ከዓመታት በፊት ባገለገልንበት ቁምስና ለሕፃናት የትምህርተ ክርስቶስ ውድድር አዘጋጅተን፣ ውጤቱን በጉባኤ ፊት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ አነበብን። የመጨረሻው ልጅ ከብት አስገብቶ ከሩቅ በእግሩ የሚመጣ፣ ሁልጊዜም አርፍዶ የሚደርስ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣም። እናቱ ምክንያቱን በጠየቁን ጊዜ ከቍጥሩ በቀር የምንመልስላቸው አልነበረንም። የለካነው የቃል ጥናትን ነበር፤ ያወጅነው ግን የልጁን ዋጋ እንደ ለካን አድርገን ነው።

ለኦሊምፒክ ሦስት ቦታ ብቻ ስላለ መደርደር ግድ ይሆናል። በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ግን ቦታው አያልቅም፤ የአንዱ ማወቅ ከሌላው አይቀንስም። ታዲያ ሕፃናቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መደርደር ምን ያስፈልገናል? ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ መዘምራንን ወይም የወጣቶችን የእግር ኳስ ቡድን ስትመርጡ መለኪያውን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የቀረውንም ለብቻው ጠርታችሁ ምክንያቱን ንገሩት። ምርጫ በማያስፈልግበት ግን ተራ ቍጥሩን ተዉት። ወላጆችም ልጃችሁ ካርዱን ይዞ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ተማርህ?» ብላችሁ ጠይቁት።