ሳህኖቹን ማቀያየር

አክስቴ ቦርደዴ ውስጥ ሱቅ ነበራት። ከአዋሽ ወደ ጭሮ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች፣ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮዋ የሚግል ትንሽ ሱቅ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እሷ ጋ እየሄድኩ ስኳር እቋጥርላት ነበር። ሚዛኗ የድሮው ባለ ሁለት ሳህን ነው፤ ስኳሩ በግራ፣ ድንጋዩ በቀኝ።

አንድ ቀን ከገጠር የመጡ እናት አንድ ኪሎ ስኳር አዘዙ። ሚዛኑ ልክ ሆኖ ቆመ። እሳቸው ግን «እስቲ አቀያይሪው» አሏት። አክስቴ ቅር እያላት ስኳሩን ወደ ቀኝ፣ ድንጋዩን ወደ ግራ አዛወረች። የስኳሩ ሳህን ወደ ላይ ወጣ። ሁላችንም ዝም አልን። የግራውን ሳህን ገልብጣ ስታየው፣ ከስሩ የረጠበ ስኳርና አቧራ ተጋግሮ ደርቋል። ስንት ወር እንደዚያ ስትሸጥ እንደከረመች እንጃ።

ማታ እራት አልበላም አለች። «እንግዲህ እኔ ሌባ ነኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። «አላወቅሽማ» አልኳት።

ያ መልስ በቂ ነው ወይ? ጥያቄው ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ የመጣብኝ፣ ከሱቅ ጋር ምንም በማይገናኝ ነገር ነው፤ ስለ አንድ የፊዚክስ ሙከራ ሳነብ።

ሙከራው የተሠራው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ በሚገኘው ጂላ በተባለ የምርምር ተቋም ነው። ኤሪክ ኮርኔልና ጁን ዬ የሚመሩት ቡድን የጠየቀው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ ኤሌክትሮን ፍጹም ክብ ነው ወይስ በጥቂቱ እንቁላል ይመስላል? ማለትም ቻርጁ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው ወይ? ያጋደለ ቢሆን፣ ዓለም ለምን ከቁስ ብቻ ተሠራች፣ ፀረ ቁስ የት ገባ ለሚለው ትልቅ እንቆቅልሽ አንድ ፍንጭ ይገኝ ነበር።

መሣሪያቸው የሃፍኒየም ፍሎራይድ ሞለኪውል ነው። በሌዘር አንድ ኤሌክትሮን ነጥቀው አዮን ያደርጉታል፤ ከዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ በኤሌክትሪክ መስክ ያጠምዱታል። ሞለኪውሉ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን በሴንቲሜትር 23 ቢሊዮን ቮልት ገደማ ይሰማዋል። እንዲህ ያለ መስክ በሰው እጅ አይሠራም፤ ሞለኪውሉ በነፃ ይሰጣቸዋል። አዮኖቹን እስከ 3 ሰከንድ ድረስ ይጠብቁና፣ በሌዘር ሰብረው የትኞቹ በየትኛው ሁኔታ ላይ እንደነበሩ ይቆጥራሉ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ሳህን ሲያቀያይሩ ነው የሚውሉት! የማግኔቱን መስክ ይገለብጣሉ፤ የኤሌክትሪኩን መስክ የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ይገለብጣሉ፤ ፊታቸውን በተቃራኒ ያዞሩ ሞለኪውሎችን ያወዳድራሉ። የኤሌክትሮኑ ማጋደል እውነተኛ ከሆነ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የራሱን ምልክት ይዞ ይገኛል። ከሳህኑ ስር የተጣበቀው ቆሻሻ ግን ራሱን ያጋልጣል።

ይህም አልበቃቸውም። በ2022 ወደ 620 ሰዓት የሚጠጋ መረጃ ሲሰበስቡ፣ ኮምፒውተሩ በውጤቱ ላይ ማንም የማያውቀውን ቁጥር እንዲደምርበት አደረጉ። ስህተቱን ሁሉ ፈትሸው እስኪጨርሱ ድረስ መልሱ ከራሳቸው ተደብቆ ቆየ። መጨረሻ ላይ ሲገልጡት ከዜሮ የሚለይ ነገር አልነበረም። በ2023 ያንኑ አሳተሙ፦ ኤሌክትሮን የምድርን ያህል ቢሆን እንኳ፣ ካጋደለ የሚያጋድለው ከአንዲት አቶም ባነሰ ነው። ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ቢሆን ዓለም ሁሉ ባወራላቸው ነበር።

ስለ ራሴም ልናገር፣ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። አንድ ጊዜ አዲስ ገጽ ሠርተን ከአሮጌው ጋር እያወዳደርን፣ በየቀኑ ቁጥሩን አይ ነበር። በአምስተኛው ቀን አዲሱ ሲበልጥ «በቃ፣ ይዘጋ» አልኩ። ለሁለት ሳምንት ነበር የታቀደው። አልዋሸሁም፤ ቁጥሩ እውነተኛ ነበር። ማቆሚያውን ቀን የመረጠው ግን ምኞቴ ነው። ቁጥሩ ቢያንስ ኖሮ ኮዱን መስመር በመስመር እበረብር ነበር።

የአክስቴም ሚዛን ታሪክ ይኸው ነው። ቆሻሻው በድንጋዩ ሳህን ስር ቢሆን ኖሮ ትጎዳ ነበር፤ ኩንታሉ ሲያልቅ ሂሳቡ አልሞላ ይላት ነበር፤ ፈልጋ ታገኘው ነበር። የሚጠቅመን ስህተት ግን አይጮህም። የሚጎዳንን ራሳችን እናሳድደዋለን፤ የሚጠቅመንን የሚፈልግልን የለም፤ ምናልባት አንዲት ከገጠር የመጡ እናት ካልሆኑ።

«ታዲያ ሁሉንም ነገር ስንፈትሽ ልንኖር ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይቻልም። የጂላዎቹም መገልበጥ የሚችሉትን ብቻ ነው የገለበጡት። ግን ከየት እንደምንጀምር እናውቃለን፦ መልሱ ደስ ካሰኘን ቦታ።

አሁን ቢሆን ለአክስቴ ሌላ መልስ እሰጣት ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሌባ አልነበርሽም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማቀያየሩ ያንቺ ዕዳ ነው። እሷ እኔን አልጠበቀችም። በማግስቱ ሱቁን ከመክፈቷ በፊት ሳህኖቹን አጥባ፣ ስኳሩን በግራ መዘነችው፤ በቀኝም መዘነችው። ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ታደርግ ነበር። ለዚያች እናት ደግሞ ስኳሩን ሞልታ፣ ላዩ ላይ አንድ እፍኝ ጨመረችላቸው። ለቀሩት ደንበኞቿ ግን ስንት እፍኝ እንዳለባት አታውቅም ነበር።