የተከፋፈለ ዕውቀት፣ የማይከፋፈል ዕዳ

መንግሥት «ያውቃል» ሲባል የሚያውቀው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የቃላት ክርክር ቢመስልም፣ ሽብርን ለመከላከል የተቋቋሙ መሥሪያ ቤቶችን በሕግ ማቀናጀት ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ የቆመው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ማወቅ የሰው ልብ ሥራ ነው፤ መዝገብና ኮምፒውተር የታወቀውን ይይዛሉ እንጂ ራሳቸው አያውቁም። ስለዚህ አንዱ ሹም የነገሩን ግማሽ፣ ሌላው ሹም ቀሪውን ግማሽ ይዘው ሳይገናኙ ቢቀሩና በዚያ መካከል የሰው ሕይወት ቢጠፋ፣ «መንግሥት ያውቅ ነበር» ማለትም «መንግሥት አያውቅም ነበር» ማለትም እኩል ያስቸግራል። ቅንጅት የሚባለው፣ ማለትም ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የያዙትን መረጃና ሥልጣን ለአንድ ዓላማ እንዲያውሉ በሕግ ማስተሳሰር፣ ይህን ክፍተት ለመድፈን የታሰበ ነው፤ ዕውቀቱ ሲገናኝ ተጠያቂነቱ ሳይገናኝ ከቀረ ግን የሚገኘው ኅሊና የሌለው ኃይል ነው።

የዩናይትድ ስቴትስ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ሰፊ ማስረጃ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2000 የአገሪቱ ማዕከላዊ የስለላ ድርጅት፣ በተለምዶ ሲአይኤ የሚባለው፣ የአልቃይዳ ሰዎች በማሌዥያ ዋና ከተማ በኩዋላ ላምፑር ያደረጉትን ስብሰባ ይከታተል ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ የሆነው ኻሊድ አል ሚህዳር ወደ አሜሪካ የሚያስገባ ቪዛ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ድርጅቱ ደርሶበታል፤ ጓደኛው ናዋፍ አል ሐዝሚ ወደ ሎስ አንጀለስ መብረሩንም በዚያው ዓመት መጋቢት ተረድቷል። በድርጅቱ ውስጥ ተመድቦ ይሠራ የነበረ አንድ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ማለትም የኤፍቢአይ ባልደረባ፣ የቪዛውን ነገር ለራሱ መሥሪያ ቤት የሚያሳውቅ መልእክት አርቅቆ ነበር፤ ረቂቁን ሌሎች አይተውታል፤ ለጊዜው ይቆይ የሚል ማስታወሻ ታክሎበት ሳይላክ ቀረ። ሁለቱ ሰዎች ሳን ዲዬጎ ገብተው ኖሩ፤ በዚያው ዓመት ክፍል ያከራያቸው ሰው ራሱ የኤፍቢአይ መረጃ አቀባይ ነበር። ስማቸው በክትትል መዝገብ የሰፈረው በነሐሴ 2001 መገባደጃ፣ ጥቃቱ ሊደርስ 18 ቀን ሲቀረው ነው። መስከረም 11 ቀን 2001 ሁለቱም ፔንታጎንን የመታውን አውሮፕላን ከጠለፉት መካከል ነበሩ፤ ጠላፊዎቹን ሳይጨምር በዚያ ስፍራ ብቻ 184 ሰዎች ሞቱ።

የበደል ትምህርት ይህን ዓይነቱን ነገር በቀላሉ አይመዝነውም። በደል ለመባል ዕውቀትና ፈቃድ ያስፈልጋሉ የሚለው መርሕ በሃይማኖትም በወንጀል ሕግም የጸና ነው፤ ሆኖም ምእመን ለንስሐ አባቱ ሲናዘዝ ባወቀው ብቻ ሳይሆን ባላወቀውም መጸጸቱ፣ አለማወቅ ሁልጊዜ ንጹሕ እንደማያደርግ ያመለክታል። ማወቅ ሲገባው ያላወቀ ሰው አለ፤ እንዳያውቅ ዓይኑን የጨፈነም አለ። በመሥሪያ ቤቶች መካከል የሚፈጠረው አለማወቅ ግን ከእነዚህ ከሁለቱም ይለያል፤ እያንዳንዱ ሹም ድርሻውን ያውቃል፤ ዓይኑንም አልጨፈነም፤ ያልታወቀው በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ያለው ነው፤ በዚያ መካከል ደግሞ የተቀመጠ ሰው የለም። መሥሪያ ቤት ንስሐ አባት የለውም፤ ኑዛዜው ቢጻፍም የሚያለቅስበት ዓይን የለውም።

ሆኖም ይህ ችግር ለጥንት ሕግ ሰጪዎች እንግዳ አልነበረም። የኦሪት ዘሌዋውያን አራተኛ ምዕራፍ መላው የእስራኤል ማኅበር ሳያውቅ ቢበድል፣ በደሉም ከማኅበሩ ዓይን ቢሰወር፣ ኋላ በተገለጠ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ይደነግጋል። ወይፈን ይቀርባል፤ እጃቸውን በራሱ ላይ የሚጭኑት ግን ሁሉም ሰዎች ሳይሆኑ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ናቸው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለው ጥበብ ጥልቅ ነው፤ በደሉ የሁሉም መሆኑ አልተካደም፤ ነገር ግን «የሁሉም ነው» ተብሎ ባለቤት እንዳያጣ፣ ስም ያላቸውና ሕዝቡ የሚያውቃቸው ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ይቀበሉታል። ዛሬ ስለ ቅንጅት የሚወጡ ሕጎች ሊመዘኑ የሚገባቸው በዚህ ነው፤ ጥፋት ሲገለጥ እጁን የሚጭነው ማን እንደሆነ አስቀድመው ይናገራሉ ወይስ አይናገሩም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአማርኛ ተረት የሥራን መከፋፈል ያመሰግናል፤ ለሥራም እውነት ነው። ዕዳ ግን ሎሚ አይደለም። ለሃምሳ ሹማምንት ሲከፋፈል እያንዳንዱ የደረሰችውን አንዲት ሎሚ ያለ ድካም ይይዛታል፤ የሟች ቤተሰብ ግን የሃምሳውን ሎሚ ክብደት ብቻውን ይሸከማል። የአሜሪካ መንግሥት በመስከረም 11ዱ ጥቃት ላይ ገለልተኛ ኮሚሽን እንዲያቋቁም፣ ኋላም ኮንግረሱ የቅንጅቱን ሕግ እንዲያጸድቅ አጥብቀው የወተወቱት የሟቾቹ ቤተሰቦች መሆናቸው ስለዚህ አያስደንቅም።

ነገር ግን ዕውቀቱን የለየው ስንፍና ብቻ ነበር ማለት ለታሪክ ታማኝ መሆን አይሆንም። በመሥሪያ ቤቶቹ መካከል የቆመው፣ ባለሙያዎቹ «ግድግዳ» ይሉት የነበረው፣ ለስለላ የተሰበሰበን መረጃ ከወንጀል መርማሪዎች የሚለይ ደንብና ልማድ የተወለደው ከሌላ በደል ነው። በሴናተር ፍራንክ ቸርች የተመራው ኮሚቴ በ1975 ባደረገው ምርመራ፣ የደኅንነት ተቋማት የገዛ ዜጎቻቸውን እንደሚሰልሉ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግን እንኳ እያዳመጡ ሊያዋርዱት እንደሞከሩ ገለጠ፤ በ1978 የወጣው ሕግም የውጭ ስለላ ጠለፋን በልዩ ፍርድ ቤት ፈቃድ ሥር አደረገ። በ1995 የፍትሕ ሚኒስቴሩ መለያውን ይበልጥ አጠበቀ። ግድግዳው እንግዲህ ድንቁርና የሠራው ሳይሆን፣ ሁሉን የሚያውቅ መንግሥት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያየ ኅሊና የሠራው ነበር። አሳዛኙ ነገር ከጊዜ በኋላ ግድግዳው ከሕጉ በላይ በሰዎች ልብ ውስጥ ማደጉ ነው፤ በነሐሴ 2001 መጨረሻ ሚህዳርን ለመፈለግ የፈለጉ የወንጀል መርማሪዎች አይመለከታችሁም ተብለው ሲከለከሉ፣ ደንቡ በእውነት ምን እንደሚል የጉዳዩ ተሳታፊዎች ሁሉ ግራ ተጋብተው እንደነበር በቶማስ ኪንና በሊ ሃሚልተን የተመራው ኮሚሽን በሐምሌ 2004 ባወጣው ሪፖርት አረጋግጧል።

አስቀድሞ በኅዳር 2002 በወጣ ሕግ 22 መሥሪያ ቤቶች በአንድ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሥር ተጠቃለው ነበር። የኮሚሽኑን ሪፖርት ተከትሎ ደግሞ የስለላ ማሻሻያና ሽብርተኝነትን የመከላከል ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት በ336 ለ75፣ በሴኔቱ በ89 ለ2 ድምፅ ጸድቆ ታኅሣሥ 17 ቀን 2004 ተፈረመ። ሕጉ ሁሉንም የስለላ ተቋማት የሚያስተባብር የብሔራዊ መረጃ ዳይሬክተር ሹመት ፈጠረ፤ የሁሉም መረጃ የሚገናኝበትን ብሔራዊ የፀረ ሽብር ማዕከል በሕግ አጸና፤ መረጃን ማካፈል ግዴታ አደረገ። ቀድሞ አንድ ሹም መረጃ የሚሰጠው ለሥራው ማወቅ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን ያላካፈለ የሚጠየቅበት ሥርዓት እንዲሆን ታሰበ። ይሁን እንጂ የመከላከያ ሚኒስቴሩን ሥልጣን ለመጠበቅ የታገሉ እንደራሴዎች የሚኒስቴሮች ነባር ሥልጣን እንዳይነካ የሚል አንቀጽ አስገብተው ነበርና፣ ዳይሬክተሩ ብዙ ኃላፊነትና ከዚያ ያነሰ ሥልጣን ይዞ ቀረ።

ከአምስት ዓመት በኋላ የተከሰተው ነገር የሕጉን ልክ በግልጽ አሳየ። ኅዳር 19 ቀን 2009 አንድ ታዋቂ ናይጄሪያዊ የባንክ ባለሙያ በአቡጃ ወደሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ሄደው ልጃቸው ዑመር ፋሩቅ አብዱልሙጦሊብ በየመን ከአክራሪዎች ጋር ሳይገናኝ እንዳልቀረ ተናገሩ። የአባት ነገር ነው፤ የልጅን ስም ለባዕድ መንግሥት አሳልፎ መስጠት ምን ያህል እንደሚያቃጥል ለመገመት ወላጅ መሆን አያሻም። ኤምባሲው ስሙን ሲመዘግብ አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበርና፣ ልጁ ጸንቶ ያለ የአሜሪካ ቪዛ እንዳለው በመጀመሪያው ፍተሻ አልታወቀም። ማዕከሉ መረጃውን በቋቱ ውስጥ አስገባው፤ ከየመን ከሚመጣው ሌላ መረጃ ጋር ግን ማንም አላገጣጠመውም። ታኅሣሥ 25 ቀን ልጁ ከአምስተርዳም ወደ ዲትሮይት በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ፈንጂ ሊያፈነዳ ሞከረ፤ ፈንጂው በትክክል ባለመፈንዳቱና ተሳፋሪዎች ስለተረባረቡበት አውሮፕላኑ ተረፈ። እዚህ ላይ ግድግዳ አልነበረም፤ ሁሉም መረጃ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር። የጎደለው ማስተዋል፣ ማለትም የታወቀውን ከታወቀው አያይዞ ምን እንደሚሆን ማየት ነው፤ ማስተዋል ደግሞ በአዋጅ አይሾምም። በዚያ ሁሉ ውስጥ ዕውቀቱን ከነዕዳው ይዞ የመጣ አንድ ሰው ቢኖር አባትየው ነበሩ።

የፊደሉ ስሕተት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ስማቸው በላቲን ፊደል በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በትምህርት ማስረጃ ሌላ ዓይነት የተጻፈባቸው፣ የአባት ስም «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ስለሚመዘገብ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ በመዝገብ የማይዛመዱ መስለው የሚታዩባቸው ኢትዮጵያውያን በውጭ አገር ብዙ ናቸው። ስም ብቻ በሚያይ መዝገብ ውስጥ ተጠርጣሪ በአንድ ፊደል ያመልጣል፤ ንጹሕ ሰውም በአንድ ፊደል ይያዛል። ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ በ2004 ስማቸው ከአንድ ተጠርጣሪ ቅጽል ስም ጋር በመመሳሰሉ በአውሮፕላን ማረፊያ ደጋግመው መቆማቸውን፣ ነገሩን ለማስተካከልም ሳምንታት መፍጀቱን ለሴኔቱ ኮሚቴ ተናግረዋል። ለሴናተር ሳምንታት የፈጀ ነገር ለአንድ ስደተኛ የታክሲ ሹፌር ስንት ዓመት ይፈጅ ይሆን?

ዕውቀት ከተጠያቂነት ቀድሞ እንደሚሮጥ የሚያሳየው ሌላው ማስረጃ ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ያው የ2004 ሕግ የዜጎችን ነፃነት የሚጠብቅ ተቆጣጣሪ ቦርድ አቋቁሞ ነበር። ቦርዱ መጀመሪያ በፕሬዝዳንቱ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀመጠ፤ በ2007 ነፃ እንዲሆን ሌላ ሕግ ወጣለት፤ ከዚያ በኋላ ግን ከ2008 መጀመሪያ እስከ 2012 ክረምት ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። የፀረ ሽብር ማዕከሉ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሥራ ላይ ነበር፤ በመጋቢት 2012 እንዲያውም የአሜሪካ ዜጎችንና ነዋሪዎችን የሚመለከት፣ ከሽብር ጋር መያያዙ ያልተረጋገጠ መረጃ ቀድሞ ከነበረው 180 ቀን ወደ 5 ዓመት ድረስ እንዲይዝ ተፈቀደለት። የሚያውቀው ክንድ ሲረዝም፣ እጁን በወይፈኑ ራስ ላይ የሚጭነው ሽማግሌ አልተሾመም።

በኢትዮጵያም ጥያቄው ከመጻሕፍት የወጣ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2001 የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ጋዜጠኞችንና የፖለቲካ ሰዎችን ለማሰር ሲውል ኖሮ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተካ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በእስረኞች ላይ የተፈጸመው ማሠቃየት ራሱ የሽብር ተግባር እንደነበር ለምክር ቤቱ ተናግረው ነበር። ይህ ንግግር ትልቅ ነበር፤ ሆኖም በደሉን የተናገረው «እኛ» ነበርና፣ በዚያ «እኛ» ውስጥ የማን እጅ እንዳለ መለየት ለታሳሪዎቹ ረጅም መንገድ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ለቅንጅት የሚወጣ ሕግ ማካፈልን ብቻ ከማዘዝ ይልቅ፣ መረጃ እንዳይላክ የወሰነ ሹም ስሙንና ምክንያቱን ጽፎ እንዲያስቀምጥ፣ ያም ጽሑፍ ለፍርድ ቤትና ለሕዝብ እንደራሴዎች እንዲቀርብ ቢያስገድድ፣ መላክም አለመላክም ባለቤት ይኖረው ነበር፤ ግላዊነትን ለመጠበቅ ብሎ የከለከለውም በክብር ምክንያቱን ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2000 የተረቀቀው ያ የኤፍቢአይ ባልደረባ መልእክት ከጥቃቱ በኋላ ተገኝቶ ሲነበብ፣ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ተቆጣጣሪ ረቂቁን ያዩትንና እንዲቆይ ያደረጉትን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ረቂቁንም፣ እንዲቆይ የተደረገበትንም ምክንያት እንደማያስታውሱ መለሱ።