የተከለከለ ስልክና የተማሪው ፈቃድ

ትምህርት ቤቶች የተማሪን ስልክ የሚገድቡት በተለያየ መንገድ ነው። አንዳንዱ ስልኩ ከቦርሳ እንዳይወጣ ያዝዛል። አንዳንዱ ጠዋት በር ላይ ሰብስቦ ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል። በአሜሪካ ደግሞ ተማሪው ራሱ ይዞት የሚውለው፣ ግን በማግኔት የሚቆለፍና መውጫ ሰዓት ላይ ብቻ የሚከፈት ከረጢት የተለመደባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዓለም አቀፍ የትምህርት ክትትል ሪፖርት፣ በትምህርት ቤት ዘመናዊ ስልክን በሕግ ወይም በመመሪያ የከለከሉት አገሮች ከአራት አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኔዘርላንድ፣ ኒውዚላንድ፣ ብራዚልና ሌሎችም ተጨምረዋል። የክልከላው መስፋፋት አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ መልሶ አንሥቷል፦ ሰውን በግዴታ ነጻ ማድረግ ይቻላል?

ፈረንሳይ ጉዳዩን ቀድመው በሕግ ከያዙት አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 በትምህርት ክፍለ ጊዜ ስልክ መጠቀምን ከለከለች፤ በ2018 የወጣው ሕግ ደግሞ ክልከላውን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ መካከለኛ ደረጃ ድረስ ወደ መላው የትምህርት ቀንና ቅጥር ግቢ አሰፋው። የተከለከለው ግን መጠቀም እንጂ መያዝ አልነበረም፤ ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ ኪስ ውስጥ መዋል ይችል ነበር። በ2024 የትምህርት ዘመን ሲጀመር ወደ 200 በሚጠጉ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ሲገባ ስልኩን የሚያስረክብበት ሙከራ ተጀመረ።

በኪስና በሳጥን መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ የነገሩ ክርክር ግን እዚያው ላይ ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ያለ ልጅ ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲከለክል ይውላል። ስልኩን ያስረከበው ልጅ ከዚህ ትግል ያርፋል፤ ነገር ግን ፈቃዱም አብሮ ሥራ ይፈታል። የመጀመሪያው ይፈተናል፣ ይደክማል፣ ብዙ ጊዜም ይሸነፋል። ሁለተኛው ትምህርቱን በጸጥታ ይከታተላል፤ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሲመለስለት ግን ራሱን የሚገዛበት ምንም ልምድ ሳይዝ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ኢማኑኤል ካንት በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ስለ ትምህርት የሰጣቸውና በ1803 የታተሙት ንግግሮች ይህንን ችግር ከትምህርት ታላላቅ ጥያቄዎች አንዱ አድርገው ያዩታል። ልጅ ግዴታን ካልለመደ ለፍላጎቱ ባሪያ ይሆናል። ግዴታን ብቻ ከለመደ ደግሞ የሚያዘው በሌለ ጊዜ የሚያደርገውን አያውቅም። ስለዚህ አስተማሪ ግዴታን የሚጭነው ልጁ ነጻነቱን መጠቀም እንዲችል መሆኑን ማሳየት አለበት። ጆን ስቱዋርት ሚልም በ1859 ባሳተመው የነጻነት ድርሳኑ ሰውን ለራሱ ጥቅም ብሎ ማስገደድን አጥብቆ ሲቃወም፣ መርሑ ለአካለ መጠን ያልደረሱትን እንደማይመለከት ለይቶ ጽፏል። እንግዲህ ከእነዚህ ሁለቱ መማር የሚቻለው ልጅን መከልከል በራሱ በደል አለመሆኑን ነው። በደል የሚሆነው ክልከላው ልጁን ወደ ምን እንደሚያደርስ ካልታሰበበት ነው።

ስልክ እንደ ሌላው የክፍል ውስጥ ጨዋታ የማይታየው የሚወስደው ጊዜን ብቻ ስላልሆነ ነው። ዊልያም ጄምስ በ1890 በታተመው የሥነ ልቡና መጽሐፉ፣ የባዘነን ሐሳብ በፈቃድ ደጋግሞ የመመለስ ችሎታን የማመዛዘን፣ የጠባይና የፈቃድ ሥር አድርጎ አስቀምጦታል። ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ቬይ በ1942 በጻፈችው ድርሰት ከዚህም ርቃ ሄዳለች፤ ለእርሷ የጂኦሜትሪ ልምምድ መልሱ ባይገኝ እንኳ በከንቱ አይቀርም፣ በዚያ የሠለጠነ ትኩረት በኋላ ለጸሎትና የተቸገረን ሰው ለማየት ይጠቅማልና። ትኩረት የሌሎቹ ምርጫዎች ሁሉ መነሻ ከሆነ፣ እርሱን የሚነጥቅ ነገር የሚነጥቀው መራጩን ራሱን ነው። ማሳወቂያው፣ መጨረሻ የሌለው ተንሸራታች ገጽና በራሱ የሚቀጥለው ቪዲዮ ደግሞ በአጋጣሚ የመጡ አይደሉም፤ ተጠቃሚውን ለማቆየት በባለሙያ የተሠሩ ናቸው። በአንድ የ12 ዓመት ልጅና በዚያ ሁሉ ባለሙያ መካከል የሚደረገውን ትግል የልጁ ነጻ ምርጫ ብሎ መጥራት ልጁን ብቻውን መተው ነው። ክልከላውን ፍትሐዊ የሚያደርገው ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

ሐሳብን ስለመጠበቅ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚለው ብዙ አለ። መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሕሊናን መበተን በሰፊው ይመረምራሉ፤ ለባሕታዊው የመጀመሪያ ሥራ ከሚበትነው ነገር መራቅ ነው፣ መራቁ ግን ፍጻሜው አይደለም። ለትምህርት ቤት ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ጾም ነው። ልጅ በሰባት ዓመቱ ገደማ ረቡዕና ዓርብን መጾም ሲጀምር ምክንያቱን አይረዳም፤ ታዝዞ ይጾማል። ከዓመታት በኋላ ትእዛዙ የራሱ ፈቃድ ሊሆን የሚችለው እናትና አባቱም፣ ጎረቤቱም አብረውት ስለሚጾሙ ነው። እርሱን ብቻ አስርበው ቢበሉ ኖሮ የሚማረው ጾምን ሳይሆን የበላይነትን ነበር። ስልኩን ከተማሪው ተቀብሎ ራሱ በክፍል ውስጥ መልእክት የሚያነብ መምህር የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው።

ሸክሙ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ደንቡ ፍትሑን ያጣል። በኒውዮርክ ከተማ በከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ዘመን ስልክ ወደ ትምህርት ቤት ይዞ መግባት ክልክል ነበር። ደንቡ በጥብቅ የሚሠራው ግን የብረት መፈተሻ በር ባላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ በድሃ ሰፈር ባሉ ትምህርት ቤቶች ነበር። የእነዚያ ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት በየበሩ ለሚቆሙ መኪኖች ወይም ለሰፈር ሱቆች በቀን አንድ ዶላር እየከፈሉ ስልካቸውን ያስቀምጡ ነበር፤ መፈተሻ በሌለባቸው ትምህርት ቤቶች ግን ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ዝም ይባል ነበር። ከንቲባ ቢል ደ ብላሲዮ በ2015 ክልከላውን ሲያነሡ አንዱ ምክንያታቸው ይህ አለመመጣጠን ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ከተማዋ በግዛቷ ሕግ ወደ ክልከላ ተመልሳለች፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር የከሸፈበት ምክንያት ሊዘነጋ አይገባም።

የጥናቱ ውጤት ከክርክሩ ድምፅ ይልቅ ዝግ ያለ ነው። ሉዊ ፊሊፕ ቤላንድና ሪቻርድ መርፊ በ2015 በአራት የእንግሊዝ ከተሞች ያሉ 91 ትምህርት ቤቶችን መርምረው፣ ከክልከላው በኋላ የፈተና ውጤት መጠነኛ መሻሻል እንዳሳየ፣ ጥቅሙም በአብዛኛው ለደካማ ተማሪዎች እንደሆነ አገኙ። በስዊድን ተመሳሳይ ጥናት ሲደረግ ግን ለውጥ አልታየም። በ2025 የታተመው የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ30 ትምህርት ቤቶች የአእምሮ ደኅንነትን ሲያነጻጽር፣ በሚከለክሉትና በማይከለክሉት መካከል ልዩነት አላገኘም፤ ረዥም የስልክ ሰዓት ግን ከጤና ማነስ ጋር አብሮ ታይቷል። የትምህርት ቤት ደንብ የትምህርት ቤትን ሰዓት ይጠብቃል፤ የምሽቱና የሌሊቱ ሰዓት በወላጅ እጅ ነው።

ደንቡ ልዩ ሁኔታን የሚያስተናግድ መሆንም አለበት። የፈረንሳይ ሕግ የአካል ጉዳት ወይም የጤና ችግር ያለባቸውን ተማሪዎች ለይቶ ይፈቅዳል፤ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ የደሙን የስኳር መጠን በስልኩ ሊከታተል ይችላልና። ወላጅ የአገሩን ቋንቋ በማይችልበት የስደተኛ ቤት ደግሞ፣ የአማርኛ ተናጋሪዎችን ጨምሮ፣ አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ ልጁ ነው። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ ስልኩ ሲዘጋ በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት በኩል ልጁን የሚያገኝበት መንገድ ሊከፈትለት ይገባል።

የፈረንሳይ ሕግ በ2018 ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውሳኔውን ለየትምህርት ቤቱ መተዉ ትክክል ነበር። የ7 ዓመት ልጅ ስልክ መነጠቅ ያስፈልገዋል፤ የ17 ዓመት ወጣት ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ማንም የማይቆልፍበት ስልክ ይዞ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሥራ ይገባል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሳጥን የሚያቀርብ ትምህርት ቤት ለካንት ጥያቄ ገና መልስ አልሰጠም።