በስምሽ የሚጠራሽ አለ



ባለፈው ሐምሌ ማዳም ለእረፍት ፓሪስ ስትሄድ ልጆቿን እንድይዝ እኔንም ወሰደችኝ። ሻንዜሊዜ በሚሉት ጎዳና የሕፃኑን ጋሪ እየገፋሁ ከኋላ ከኋላዋ ሄድኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ አገር ጎብኚው ሁሉ ፎቶ ይነሳል። ስሙ በግሪኮች ተረት የጀግኖች ገነት ማለት ነው። እኔ ግን እግሬ አብጦ ነበር። ማዳም ስሜ ስለከበዳት ሌላ ስም አውጥታልኛለች፤ በዚያም ላይ የምሰማው «አንቺ፣ ቶሎ በይ!» ብቻ ነው።

በመንገዱ ጫፍ፣ ከትልቁ የድል በር ሥር፣ ስሙ ያልታወቀ ወታደር ተቀብሯል። እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ በየምሽቱ እሳት ይለኮስለታል። እንባዬ መጣ። ሰው አበባ ያኖርለታል እንጂ ስሙን ሊመልስለት አልቻለም።

ያኔ ዘፍጥረት 16 ትዝ አለኝ። አብራምና ሦራ አጋርን ባሪያ ይሏታል እንጂ በስሟ ሲጠሯት አናነብም። የእግዚአብሔር መልአክ ግን በምድረ በዳ በስሟ ጠራት፤ ከየት እንደመጣችም ጠየቃት። እሷም አምላኳን የሚያየኝ አለችው።

እህቴ፣ ገነት በተባለው ጎዳናም፣ በማዳም ኩሽናም ስምሽን የሚያውቅ አለ። እንግዲህ አርብ ስንገናኝ «አንቺ» መባባል ይቅር። እናታችን ባወጣችልን ስም እንጠራራ። አሜን።