በባለቤት አንደበት

በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ ዓመቱ በሁለት ወቅት ይከፈላል፤ ካውቦይስ የሚጫወትበትና ስለ ካውቦይስ የሚወራበት። የመጀመሪያው በሴፕቴምበር ይጀምርና፣ ከ1996 ወዲህ እንዳየነው፣ ከጃንዋሪ ሳያልፍ ያበቃል። ሁለተኛው ይረዝማል። ሜዳው ባዶ፣ ተጫዋቾቹ ተበትነው፣ ከተማው ግን ማን ይቆይ፣ ማን ይሰናበት፣ ማን ይምጣ በሚል ክርክር ይጦፋል። በሬዲዮ፣ በፀጉር ቤት፣ በነዳጅ ማደያ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ተራ መጠበቂያ ሳይቀር የሚሰማው ይኸው ነው። እኛ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ ክርክር አልቀረንም። ስንመጣ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ እግር ኳስ መባሉ እንደ ቀልድ ያስቀን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የተጫዋቾቹን ስም፣ ዕድሜና ደመወዝ በቃላችን ያዝን። ሰው የሚኖርበትን ከተማ የሚለምደው የሚያማውን ሰው ሲያገኝበት ነው መሰለኝ።

እኔም ከሐሜተኞቹ አንዱ ነበርኩ። ዛሬም ከዚያ ጠባዬ ፈጽሜ ነጽቻለሁ ብዬ አልመጻደቅም። ይሁን እንጂ በ2003 (ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቡና ገበታ ላይ የሰማሁት ጥቂት ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው።

ወሩ ፌብሩዋሪ ነበር። በሪቻርድሰን የቴሌኮም ኩባንያዎች በተደረደሩበት አውራ ጎዳና ዙሪያ ከ2001 ጀምሮ ሠራተኛ በገፍ ይቀነስ ነበር፤ ከወገኖቻችንም በመገጣጠሚያው ክፍል ተቀጥረው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ነበሩ። እኛ ግን ያን ዕለት ያነሣነው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኤሚት ስሚዝ ይቆይ ወይስ ይሰናበት የሚለውን። ስሚዝ ለካውቦይስ አሥራ ሦስት ዓመት ተጫውቷል። ከሦስት የሱፐር ቦውል ድሎች ጋር ስሙ ተያይዟል። ገና አራት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በኦክቶበር 2002፣ ኳስ ይዞ በመሮጥ የዋልተር ፔይተንን ክብረ ወሰን ሰብሮ ሕዝቡን በእንባ አራጭቶ ነበር። ሆኖም በዚያ የውድድር ዘመን የሮጠው 975 ያርድ ነው። ከዚያ በፊት ለአሥራ አንድ ተከታታይ ዓመታት ከሺህ ወርዶ አያውቅም። አዲስ አሠልጣኝ፣ ቢል ፓርሴልስ፣ መጥተዋል፤ ቡድኑም ሊታደስ ነው ይባላል።

እኔ እንዲህ አልኩ፤ «ያለፈው አልፏል። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ጉልበቱ አልቋል። በሱ ደመወዝ ሁለት ወጣት ይገኛል። ይቀነስ!» ገበታው ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቃወመ። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ ሰው እስከዚያ ሰዓት ድረስ ዝም ብለው ነበር።

«ስንት ዓመቱ ነው አልከኝ?» አሉ።

«ሠላሳ ሦስት።»

«ስንት ዓመት ሠራላቸው?»

«አሥራ ሦስት።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ሃምሳ ሰባት ነኝ። የሠራሁላቸው አሥራ አንድ ዓመት ነው። ሐሙስ ዕለት ደብዳቤ ሰጡኝ» አሉ። ከዚያም ጥቂት ቆይተው፣ «በሱ ደመወዝ ሁለት ወጣት ይገኛል ግን አላሉኝም፤ እነሱ ጨዋ ናቸው» ብለው ጨመሩ።

የምንለው አጣን። ቡናው ቀዘቀዘ፤ ሒሳቡን ማን ይክፈል በሚል እንደ ወትሮው እንኳ ሳንጣላ ተለያየን።

በአማርኛችን ቃሉ አንድ መሆኑን ያስተዋልኩት ያን ሌሊት ነው። ተጫዋችም ይቀነሳል፣ ሠራተኛም ይቀነሳል። «ቅነሳ» የሚለውን ቃል አገር ቤት ሳለን በፍርሃት የምንሰማው ሰዎች፣ እዚህ ስንመጣ በሳቅ የምንናገረው ለምንድን ነው? ሰውን በአገልግሎቱ መዝኖ «ይበቃዋል» ማለት ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ፣ በየትኛው አንደበት?

አስቀድሞ ለተቃራኒው ወገን ፍርድ ማጓደል አይገባም። «ይቀነስ» የሚል ሁሉ ጨካኝ አይደለም። በዚህ የፉትቦል ማኅበር እያንዳንዱ ቡድን በበጋው እስከ 90 ተጫዋች ይይዛል፤ ውድድሩ ሊጀመር ሲል 53 ብቻ ያስቀራል። ከ1994 ጀምሮ የደመወዝ ጣሪያ ተደንግጓል። በ2025 ጣሪያው 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጣሪያው ለሁሉም አንድ ስለሆነ ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው የተነሣ ነው። ባለውለታ ነው ተብሎ የደከመ አንጋፋ ሲቆይ፣ ስሙን የማናውቀው አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሻንጣውን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። እንግዲህ ምሕረትም ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው መሐሪው ላይሆን ይችላል። ደግሞስ ስሚዝ ባለጸጋ ነው፤ የጋሼን የቤት ኪራይ የሚከፍልላቸው ግን የለም። ሁለቱን እኩል አድርጎ ማልቀስ እውነትን ማዛባት ይሆናል።

ይህን ሁሉ አምናለሁ። ነገር ግን ስሌቱን ጥቂት እናራዝመው። ከ90 ላይ 53 ሲቀነስ 37 ይቀራል፤ ቡድኖቹ 32 ናቸው። በኦገስት መጨረሻ ከሺህ የሚበልጡ ወጣቶች ይሰናበታሉ ማለት ነው። ከፊሎቹ ለልምምድ ቡድን ተመልሰው ይጠራሉ፤ የቀሩት ሚሊዮን የሚባለውን ነገር ሳያዩ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ «ሀብታም ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው መልስ ለጥቂቶቹ ብቻ ይሠራል። እኛ ግን አንደበታችንን ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርገን ነው የምናውለው።

ይህች ከተማ ራሷ አንድ ጊዜ ይህን ትምህርት ተምራ ነበር። ቶም ላንድሪ ቡድኑ በ1960 ሲመሠረት ጀምሮ ለሃያ ዘጠኝ ዓመታት አሠልጣኝ ነበሩ። ሁለት ሱፐር ቦውል አሸንፈዋል። ባለ ባርኔጣው መልካቸው የከተማው ምልክት ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ቡድኑ ደከመ፤ በ1988 ሦስት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ በአሥራ ሦስቱ ተሸነፈ። «አረጁ፤ ይውረዱ» የሚለው ድምፅም በረታ። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1989 ጄሪ ጆንስ ቡድኑን ገዙ፤ በዚያው ዕለት ላንድሪ ተሰናበቱ። ያን ጊዜ ትናንት «ይውረዱ» ሲል የነበረው ሕዝብ ደነገጠ። በኤፕሪል ወር በዳላስ መሀል ከተማ ለእርሳቸው በተዘጋጀው የክብር ሰልፍ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ።

ይህን ሕዝብ ወላዋይ ማለት ይቀል ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አልፈርድበትም። ሕዝቡ ያወቀው አንድ ልዩነት አለ፤ «መሄድ አለበት» እና «እንዲህ አይሄድም» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አይጣሉም። የመጀመሪያው ስለ ሥራው የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰውየው። ውጤቱን ካየን አዲሱ ባለቤት ቡድኑን ለድል አብቅተዋል። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን አንድ ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ቡድን ከ1993 እስከ 1996 ሦስት ጊዜ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። ሆኖም ዋንጫው የስንብቱን አኳኋን አላጸዳውም፤ ዛሬም በዚህ ከተማ ሽማግሌዎች ሲያወሩ ቀድመው የሚያነሡት ዋንጫውን ሳይሆን ያን ቅዳሜ ነው። ውሳኔ በውጤቱ ሊጸድቅ ይችላል። ሰውን ያዋረደ አኳኋን ግን በውጤት አይታጠብም፤ ምክንያቱም ዋንጫው ለቡድኑ ነው፣ ውርደቱ ግን የደረሰው በሰውየው ላይ ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ሰውን መሣሪያ ብቻ አድርገን እንዳንይዘው አስተምሯል። በዚህ አሳብ ውስጥ «ብቻ» የምትለው ቃል ሚዛኑን ትጠብቃለች። ካንት ሰውን በሥራው አትጠቀሙበት አላለም። እንዲያ ቢል ኖሮ ዓለም ለአንድ ቀን ባልዋለች። እየተጠቀማችሁበት ሳለ ሰው መሆኑን አትርሱ ነው ያለው። ታዲያ ጥፋቴ «ይቀነስ» ማለቴ አልነበረም። ጥፋቴ «በሱ ደመወዝ ሁለት ወጣት ይገኛል» ያልኩት ላይ ነው። በዚያች ዓረፍተ ነገር ሰውየው ጠፍቶ ዋጋው ብቻ ቀረ።

ይልቁንም የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያን ቀን በገበታው ዙሪያ ከተቀመጥነው መካከል ባለቤት የሚባል አልነበረም። አንዱ ታክሲ ነጂ፣ አንዱ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ፣ እኔ ራሴ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሁላችንም ስማችን በሌላ ሰው መዝገብ ላይ የሰፈረ ሰዎች ነን። ነገር ግን ስለ ኳስ ስናወራ የምንናገረው በባለቤቱ አንደበት ነበር፤ «እንሽጠው»፣ «እንለውጠው»፣ «ከስሮብናል» እንላለን። ማን ነው የሸጠው? ለማንስ ነው የከሰረው? ካፒታሉ የእኛ አልነበረም። የእኛ የነበረው የአፍታ ሥልጣን ብቻ ነው። ሙሉ ሳምንት «እሺ ጌታዬ» ሲል የዋለ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ማሰናበት ያምረዋል። ይህ ደስታ ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ተጫዋቹ አይሰማንምና። ነገር ግን አንደበት ልማድ ነው። በማያውቁት ሰው ላይ የተለማመዱትን ቋንቋ ሳያስቡት በሚያውቁት ላይ ያውሉታል። እኔ ያን ቀን ጋሼን አሰናበትኳቸው፤ ለዚያውም ለሁለተኛ ጊዜ።

ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ያው ክርክር መልኩን ለውጦ መጣ። በኦገስት 2025 ማይካ ፓርሰንስ፣ የተቃራኒን ኳስ አቀባይ አሳድዶ በመጣል ከሊጉ ምርጦች አንዱ የሆነው ወጣት፣ በውል ስላልተስማማ ከካውቦይስ መልቀቅ እንደሚፈልግ በይፋ ተናገረ። በወሩ መጨረሻ ቡድኑ ለግሪን ቤይ ፓከርስ አሳልፎ ሰጠው። በለውጡም ኬኒ ክላርክ የተባለ ተከላካይና የመጪዎቹ ሁለት ዓመታት የመጀመሪያ ዙር የመምረጥ መብት ተገኘ። ከወዳጆቻችን አንዱ ይህን «ላም አለኝ በሰማይ» ሲል ተረተበት። ፓርሰንስም በአራት ዓመት 188 ሚሊዮን ዶላር የተባለለትን ውል ፈረመ። ያን ጊዜ ብዙዎች «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» አሉት።

እዚህ ላይ ሚዛኑ ምን ያህል እንዳጋደለ እንመልከት። ስሚዝ በደከመ ጊዜ «ይህ ንግድ ነው፤ ፍቅር ቦታ የለውም» አልን። ፓርሰንስ በበረታ ጊዜ ዋጋውን ሲጠይቅ ደግሞ «ይህ ፍቅር ነው፤ ንግድ ቦታ የለውም» አልን። ነገሩ ንግድ ከሆነ ለሁለቱም ንግድ ይሁን፤ ውለታ ከሆነም ለሁለቱም ውለታ ይሁን። ለሠራተኛው የውለታን ሕግ፣ ለአሠሪው የንግድን ሕግ የሚሰጥ ዳኛ ፍትሐዊ አይደለም። እኛም እንዲህ ባለው ዳኛ ፊት ቆመን እናውቃለን። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ፓርሰንስ የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ከሜዳ ሲወጣ፣ «እንኳን ሰጠነው» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ምሳሩን የያዙት ግን ትናንት ከጥላው ሥር የተቀመጡት ነበሩ።

ታዲያ ክርክሩን እንተው ማለቴ ነውን? አይደለም። ከሥራ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ሰዎችን የሚያሰባስብ ወሬ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም እኛው ዘንድ የተሻለ ልማድ አለ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየበጋው በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ የየከተማው ቡድን ይሰለፋል፤ ዳላስም በ2018 እና በ2023 አስተናግዳለች። እዚያም ማን ይሰለፍ፣ ማን ይቅር የሚል ክርክር አለ፤ አንዳንዴም ያኳርፋል። ነገር ግን የቀረው ልጅ ነገ ሰርግ ላይ ይገኛል፤ አባቱን በልቅሶ ቤት እናገኛቸዋለን። ስለዚህ «ዘንድሮ ጉልበቱን አሞታል፤ ለከርሞ ይደርሳል» እንላለን። ፍርዱ ያው ነው፤ ልጁ ይቀራል። ልዩነቱ ስሙ ከነሰውነቱ መቅረቱ ነው። ፊቱን የምናየውን ሰው እንዲህ ማሰናበት ከቻልን፣ ፊቱን የማናየውንም መቻል አያቅተንም።

ለራሴ ያበጀሁት ደንብ ትንሽ ነው። ስለማንም ተጫዋች ስናገር፣ አለቃዬ ስለ እኔ ቢናገረው የማይከፋኝን ብቻ ለመናገር እሞክራለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም፤ በተለይ ቡድኑ በተሸነፈ ማግስት።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ታክሲ ነዱ። ስሚዝም በዚያው ፌብሩዋሪ መጨረሻ ተሰናብቶ ለአሪዞና ካርዲናልስ ሁለት ዓመት ተጫወተ። በ2005 ግን ከጨዋታ ሲሰናበት የካውቦይስ ልጅ ሆኖ እንዲሰናበት ቡድኑ የአንድ ቀን ውል አስፈረመው። ዜናውን የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ። ጥቂት አሰቡና፣ «ደግ አደረጉ። የአንድ ቀን ነገር ቢሆንም ሰው የሚሄደው ከነስሙ ነው» አሉ። ከዚያም መኪናቸውን እያስነሡ፣ «እኔን ከጠሩኝ ስልኬ ያው መሆኑን ንገርልኝ» ብለውኝ ሳቁ።