ልጅን ለሥራው ስለ ማዘጋጀት

አባት ሆይ፤ ልጅህ ወደ ፊት ምን ሥራ እንዲይዝ ትሻለህ? ብዙዎቻችን ይህን ስንመክር የምናስበው የልጁን ዝንባሌ ሳይሆን የጎረቤትን አፍ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዳሩ ግን አንጥረኛውን «ጠይብ» ብሎ ማዋረድ በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ በቆሮንቶስ ሲያስተምር ከአቂላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር፤ ይህን እያነበብን ልጃችን መጋዝ ቢይዝ እናፍራለን!

እንግዲህ ልጅህ እንጨት መሥራት ቢወድ አትቈጣው። ወደ አናጢ ዘንድ ውሰደው፤ ጥቂት ሳምንት አብሮ ይዋል፤ መዳፉም ይላጥ። አናጢ ያለ ልክ አይሠራምና ሒሳቡን እንዳይተው ንገረው። ከዚያም በኋላ «ትወደዋለህን?» ብለህ ጠይቀው፤ መልሱንም ሳትቸኩል ስማ።