የአራስ እናት ኀዘን፤ ጥፋት ነውን ወይስ ሕመም?

ልጅ በተወለደበት ቤት ደስታ መኖሩ ከጥንት ጀምሮ በሕዝብ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። ክርስቲያኑ ጎረቤት ወደ አራሷ ገብቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፤ ሙስሊሙም ጎረቤት ስለ ሕፃኑ ምርቃቱን ያወርዳል። ገንፎው ይገነፋል፥ ዕጣኑ ይጤሳል፥ ልጁም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይታያል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ የምትተኛ እናት ብትገኝ ስለ እርስዋ ምን ይባላል? አንዱ «የእግዚአብሔርን ስጦታ አላወቀችም» ይላል፤ ሁለተኛው «ልቧ ደንድኗል» ይላል፤ ሦስተኛውም «ጂን ነክቷታል» ብሎ ይፈርዳል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የአራስ እናት ኀዘን ጥፋት ነውን ወይስ ሕመም? ሕመም ከሆነስ ማስታመሙ የማን ግዴታ ነው?

ይህ ጥያቄ በጅግጅጋና በሰሜኑ የሶማሌ ክልል ከተሞች እጅግ ይከብዳል። በዚያ አገር እናትነት ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ሸክም ነውና። በ2008 ዓ. ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በክልሉ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 7.2 ልጆች ትወልዳለች ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ የአገሪቱ አማካይ ግን 4.6 ነበረ። በ2011 ዓ. ም. የተደረገው ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ ከ100 ወሊዶች 48ቱ በጤና ተቋም እንደ ተፈጸሙ፥ በሶማሌ ክልል ግን 23ቱ ብቻ እንደ ሆኑ አስታወቀ። ከዚህ የሚታወቀው፥ አብዛኛዪቱ እናት ከሐኪም ዓይን ርቃ በቤቷ ትወልድ እንደ ነበረ ነው። የሰውነቷን ደም የሚያይ ሐኪም ካልነበረ፥ የልቧን ኀዘን ማን ያይላት ነበር?

ባላገሩ ግን እናትን ያለ ጠባቂ አልተዋትም። በሶማሌ ዘንድ የወለደች ሴት አርባ ቀን ከቤት ሳትወጣ ትቀመጣለች። ሴቶች ዘመዶቿ ውኃውንና እንጨቱን ያቀርቡላታል፥ መረቅና ወተት ያጠጧታል፥ ቤቷንም ያጥኑላታል። አርባው ሲፈጸም የምትወጣበትን ቀን አፈርተን ባሕ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የአርባ መውጫ ማለት ነው። በክርስቲያኑም ዘንድ ወንድ የወለደች በአርባ፥ ሴት የወለደች በሰማንያ ቀን ልጇን ወደ ክርስትና ታቀርባለች፤ እስከዚያው በአጥሚትና በገንፎ ትታረሳለች። በሃይማኖት የተለያዩ ሁለት ጎረቤቶች በአርባ ቀን ቍጥር መገናኘታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። ሁለቱም የወለደች ሴት በሕይወትና በሞት መካከል አልፋ እንደ መጣች፥ ብቻዋንም ልትተው እንደማይገባ ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ይህ መልካም ልማድ የሚጠብቀው ይልቁንም ሥጋዋን ነው። «በላሽን?» ተብላ ትጠየቃለች፤ «ልብሽ እንዴት ነው?» የሚላት ግን ጥቂት ነው።

የዛሬ ሐኪሞች የእናትን ኀዘን በሦስት ከፍለው ያስተምራሉ። መጀመሪያው ከወሊድ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚመጣው ዕንባና ሆድ መባስ ነው፤ ይህ ብዙ እናቶችን ያገኛል፥ በዕረፍትና በአይዞሽ ባይ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ያልፋል። ሁለተኛው ግን የሚቆይ ነው። ሕፃኑ ሲተኛ ስንኳ እርስዋ አትተኛም፥ እህሉ አይጥማትም፥ ራስዋን እንደማትረባ ትቈጥራለች፥ አንዳንድ ጊዜም ሞቷን ትመኛለች። ይህ ሕመም ገና በእርግዝና ሊጀምር ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፥ በድኾች አገሮች ከ100 እርጉዞች 16 ያህሉን፥ ከ100 ወላዶችም 20 ያህሉን ያገኛል። ሦስተኛው ጥቂቶችን፥ ይኸውም ከ1000 ወላዶች አንዲቱን ወይም ሁለቱን የሚያገኝ ጽኑ ሕመም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ በድንገት ይነሣል፤ እናቲቱ እንቅልፍ ታጣለች፥ ሐሳቧ ይናወጣል፥ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች። እንዲህ የሆነችውን ሴት ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን መተው አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። የሚጸልይላት ይጸልይላት፥ የሚቀራላትም ይቅራላት፤ ነገር ግን ጸሎቱ የሐኪሙን መንገድ አይዝጋ።

«ይህ የፈረንጆች ሕመም ነው፤ የእኛ ሴቶች አያውቁትም» የሚል ሰው አይታጣም። ለእርሱ የቡታጅራ ጥናት መልስ ይሆነዋል። ከ1997 እስከ 1998 ዓ. ም. ድረስ በቡታጅራ ገጠር 1065 እርጉዞች ተጠይቀው ነበር፤ ከ100 ውስጥ 12 ያህሉ የሐሳብና የጭንቀት ሕመም ምልክት ተገኘባቸው። ይህ ምልክት የታየባቸው እናቶች ምጣቸው የረዘመ፥ ጡት ማጥባትም የዘገየባቸው ሆነው ተገኙ። እንግዲህ የእናት ኀዘን በእናት ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ገና ወደ ዓለም ያልመጣውን ልጅ ይነካል።

ይህ በጸጥታ አገር ከሆነ፥ መከራ በተደጋገመበት ስፍራ እንዴት ይሆን? በ1980 ዓ. ም. ከሐርጌሳ ጦርነት የሸሹት ሰዎች በሐርቲሼክ ሰፈሩ፤ ይህም ሰፈር በዘመኑ በዓለም ካሉት ታላላቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ ሆኖ ኖረና በ1996 ዓ. ም. ተዘጋ። ቀብሪ በያሕ ከ1983 ዓ. ም. ጀምሮ ስደተኞችን ተቀበለ፤ በ2009 እና በ2010 ዓ. ም. በነበረው ግጭት ከቤታቸው የተፈናቀሉትም በቆሎጂ ሰፈሩ። ከ2013 ዓ. ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ስለ ቀሩ የብዙ አርብቶ አደር ከብት አለቀ። በእነዚህ ስፍራዎች በድንኳን ውስጥ የወለደች፥ ባልዋ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሩቅ የሄደባት፥ ፊተኛውን ልጇን የቀበረች እናት አርባ ቀን የሚያርሳት ማን ነው? ልማዱ በዘመድ ላይ የቆመ ነው፤ ዘመድ ሲበተን ልማዱም ይፈርሳል።

እዚህ ላይ ሌላ ተቃዋሚ ይነሣል፤ «ለተራበች ሴት ቃል ምን ይረባታል? እህል ስጧት» ይላል። ቃሉ ግማሽ እውነት ነው። እህል ሳይሰጡ መምከር ማላገጥ ነው፤ ነገር ግን እህል ሰጥቶ ልብን መዝጋትም ምጽዋትን ማጕደል ነው። በፓኪስታን አገር በራዋልፒንዲ አጠገብ ባሉት ድኻ መንደሮች 903 በኀዘን የታመሙ እርጉዞች ተመርጠው ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኞቹ የመንደሩ የጤና ሴቶች በቤታቸው እየተመላለሱ፥ የሐሳብን ቀንበር ማቅለልና ሕፃኑን መንከባከብ እንዴት እንደሚቻል አብረው ተነጋገሩ፤ ሁለተኞቹም እንዲሁ በዚያው ቍጥር ተጐበኙ፥ ይህ ትምህርት ግን አልተሰጣቸውም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 የታተመው ውጤት እንደሚናገረው፥ ከተወለደ በስድስተኛው ወር ከሁለተኞቹ ከ100 እናቶች 53ቱ ገና ታመው ሲገኙ፥ ከአንደኞቹ ግን 23ቱ ብቻ ነበሩ። ድኽነታቸው አልተወገደም፤ ብቻቸውን መሆናቸው ግን ተወገደ። ሥራውን የሠሩትም ታላላቅ ሐኪሞች ሳይሆኑ የሰፈሩ ልጆች ናቸው።

ይህ በኢትዮጵያ የማይቻል ነገር አይደለም። በአገሪቱ ለብዙ ዘመን ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ የተለየው ሐኪም ቤት በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበረ፤ ከጅግጅጋ እስከዚያ ድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አለ። አራስ ሕፃን ታቅፋ ያን ሁሉ መንገድ የምትሄድ እናት ከየት ትገኛለች? ነገር ግን በ1995 ዓ. ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሠራተኞቹን ወደ ሕዝቡ ደጅ አድርሷል። በሶማሌው ዘንድ ደግሞ ኡሙሊሶ የምትባለው አዋላጅ በቤቱ ሁሉ የታመነች ናት። እነርሱ የሚጠይቁትን ቢያውቁ የጐደለው ብዙው ይሞላል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1987 በኤዲንብራ የተዘጋጁት ዐሥር ጥያቄዎች ከባድ አይደሉም፤ እናቲቱ መሣቅ መቻሏን፥ ያለ ምክንያት መፍራቷን፥ ራስዋን ለመጕዳት ማሰቧን ይጠይቃሉ። ጥያቄው ግን በሕዝቡ አፍ መሆን አለበት። አማርኛ ተናጋሪዋ «ሐሳብ በዛብኝ፥ ሆዴን ባር ባር አለኝ» ትላለች፤ ሶማሊኛ ተናጋሪዋ ጭንቀቷን ወልወል፥ ኀዘንዋን ሙሩግ ትለዋለች። ይህን ቃል የማይሰማ ሐኪም ሕመሙን አይሰማም።

«አያቶቻችን ስምንትና ዐሥር ወልደው ምንም አላሉም» የሚሉም አሉ። አለማለታቸው አለመታመማቸውን አያስረዳም፤ ከእነርሱ መካከል በዝምታ የጠፉትን ማንም አልቈጠረምና። አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የአራስን በሽታ ግን ብዙ ጊዜ የሚሸሽገው እርስዋ አይደለችም፤ ደስታዋን አስቀድሞ የወሰነላት ጎብኚ ነው። ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» እያለ በሚገባበት ቤት «ደስ አላለኝም» ማለት እንዴት ይቻላል? ምርቃቱ መልካም ነው፤ መልስ የማይጠብቅ ምርቃት ግን አፍ ይዘጋል።

የሁለቱም ጎረቤቶች መጻሕፍት በዚህ ነገር ይመክራሉ። ካህኑ ዔሊ ሐናን በልቧ ስታለቅስ አይቶ ሰካራም መሰለችው፤ ከአፏ በሰማ ጊዜ ግን ፍርዱን መልሶ ባረካት። በቁርኣንም መርየም ምጥ በያዛት ጊዜ አስቀድማ ሞታ ቢሆን እንደ ተመኘች ተነግሯል፤ ስለዚህ ምኞቷ ግን አልተወቀሰችም፥ አትዘኚ ተባለች፥ የምትጠጣው ውኃና የምትበላው ተምር ተሰጣት። በሁለቱም ታሪክ ፍርዱ ሳይሆን መስማቱና ማጽናናቱ ተመሰገነ።

ስለዚህ የአራስ እናት ኀዘን ጥፋት አይደለም፤ ባያዩት ግን የሚያዩት ሰዎች ጥፋት ይሆናል። ግዴታውም በደረጃ የተከፈለ ነው። የባል ፈንታ አለመቈጣትና ሌሊቱን መካፈል ነው፤ የእናትና የአማት ፈንታ ከመረቁ ጋር ጥያቄውን ማቅረብ ነው፤ የካህንና የሼኽ ፈንታ ስለ ጂንና ስለ ኀጢአት ከመፍረድ በፊት ወደ ሐኪም መላክ ነው፤ የመንግሥት ፈንታ ሐኪሙን በቅርብ ማኖር ነው። አርባው ቀን ሲፈጸም ሕፃኑ ስንት እንደ መዘነ ይጠየቃል። በዚያው ቀን እናቲቱም ከሰው ተለይታ ትቀመጥና አንዲት የምታምናት ሴት «አንቺስ እንዴት ከረምሽ?» ትበላት፤ መልሱም እስኪመጣ ድረስ ትታገሥ።